በስልክ ለማትሪክ ስታጠኑ የምትሰሯቸው ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ ባለፈው ስልኩን ሳየው ቴሌግራሙ ላይ 40 ምናምን የጥናት ቻናል ጆይን አድርጓል፣ ፒዲኤፉ በሽ በሽ ነው፣ ስንቱን አነበብክ ስለው ሳቀብኝ።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፣ ዳውንሎድ ያደረግነውን ሁሉ ያነበብነው ይመስለናል። ፋይሉ ሲወርድ የሆነ ነገር የሰራን ያህል ቅልል ይለናል፣ ከዛ ለጓደኛ ፎርዋርድ፣ ከዛ መርሳት። ለአንድ ሰብጀክት የተማሪው መጽሐፍና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው ካሏችሁ ሌላውን አጥፉት። ደግሞ አዲሱ ካሪኩለም ይሁን አሮጌው እዩ እንጂ፣ የወንድሜ ኬሚስትሪ ግማሹ የአሮጌው ነበር 😅

ሁለተኛው ዩቲዩብ ነው። መምህሩ ኢንተግሬሽን ሲሰራ ስታዩት ውሃ ነው፣ ገባኝ ትላላችሁ፣ በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ስሩ ብትባሉ ግን እስክሪብቶ መንከስ ነው። ጥያቄውን እንዳነበበ ቪዲዮውን አቁሙና ደብተር ላይ ሞክሩት፣ ተሳስታችሁም ቢሆን፣ ከዛ የሱን እዩ። ኳሊቲውንም ዝቅ አርጉት፣ ጥቁር ሰሌዳ ለማየት 720 ምን ያደርጋል፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 1 ጊጋ ይበላባችኋል።

የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ነው ብሎ እስከ 9 ሰዓት ማፍጠጥም አለ። በሳምንት አንድ ሌሊት የሚያስፈልጋችሁን አውርዱና ተኙ፣ ቀን ዳታ ዘግታችሁ አጥኑ።

ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ለቻትጂፒቲ መስጠትስ? መጀመሪያ ራሳችሁ ሰርታችሁ የት ጋ እንደተሳሳትኩ አሳየኝ ካላችሁት አሪፍ ነው፣ መልሱን ብቻ ከወሰዳችሁ ግን የሰራው እሱ ነው፣ እሱም በሙሉ ልብ ይሳሳታል። ፈተናው በ2015 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የለመዳችሁትን በር ላይ ጥላችሁት ነው የምትገቡት።

ሌላው ሁሉንም ቴሌግራም ውስጥ መተው። እኔ ሜሞሪ ሞላብኝ ብዬ የቴሌግራሙን ካሽ (ስልኩ ላይ ያጠራቀመውን ፋይል) አጸዳሁ፣ የፊዚክስ ሺቶቼ አብረው ከስልኬ ጠፉ፣ መልሼ እንዳላወርድ ዳታ የለ፣ ለነገው ቴስት ባዶ እጄን። ሴቲንግ ውስጥም ፋይሎቹ በ3 ቀን እንዲጠፉ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ግቡና እዩት፣ የምትፈልጉትን ወደ ዳውንሎድ ፎልደር አውጡት። በ2009 እና በ2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ራሱ ተዘግቶ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

መጨረሻ፣ ፈተናው እጃችን ገብቷል ብር ላኩ የሚሏችሁን። አዎ በ2008 ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል፣ ሌቦቹ እስካሁን በዛ ወሬ ነው የሚበሉት፣ ብሩን ስትልኩ ብሎክ ነው የሚያደርጓችሁ። ወንድሜም እንዲህ ያለ ቻናል ውስጥ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ አሁን 6 ቻናል ቀርቶታል፣ እሱም በዝቷል እያልኩት ነው።