ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤት ሆኖ የሚሠራ ቡድን እንዴት ይመራል?

ቡድናችን 8 ሰው ነው፦ አምስቱ አዲስ አበባ ቢሮ፣ ሁለቱ ከቤታቸው፣ አንዷ ከዋሽንግተን።

1. ከቤት የሚሠሩት ቢሮ የሚመጡበትን ቀን አንድ አድርጉ። የእኛ ማክሰኞ ነው። ሁሉም በየፈለገው ቀን ከመጣ ታክሲ ተሰልፎ የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው።

2. ሰዓት በጽሑፍ አትቅጠሩ። አንዴ "ስብሰባ 10 ሰዓት" ብዬ ላክሁ። የእኛ 10 ሰዓት በበጋቸው ለዋሽንግተን ከጠዋቱ 9:00 ነው፤ እሷ በራሷ 10:00 ስትገባ ስብሰባው አልቋል። ኅዳር አካባቢ ደግሞ እነሱ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንነካውም፤ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ይሄዳል። ጉግል ካላንደር ለየሰዉ በአገሩ ሰዓት ያሳያል፤ ግብዣውን በእሱ ላኩ።

3. ቡና ላይ የተወሰነውን ጻፉ። ከባዱ ይሄ ነው። ባለፈው ክረምት ከሦስት ልጆች ጋር ታች ካፌ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ሪፖርት እንዲቀር ተስማማን። ወጣን፣ ሌላ ሥራ ጀመርን። ቤት ያለችው ባልደረባችን ግን ያንኑ ሪፖርት ሁለት ቀን ለፍታበት ላከችልኝ። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት "ለነገሩ እኔን ማን ያስታውሰኛል" ብላ ሳቀች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። መጀመሪያ በቴሌግራም ብቻ ሞክረነው በሳምንቱ "እንኳን አደረሳችሁ" ሥር ተቀበረ። ስለዚህ ሁሉም የሚከፍተው አንድ የጉግል ሰነድ አለን፤ ግሩፑ ላይ ሊንኩ ብቻ ከላይ ተሰክቷል። የድምፅ መልእክት አልቀበልም፤ ከወር በኋላ ማን ፈልጎ ያገኘዋል? እኔ ራሴ ስረሳ ልጆቹ "ሰነዱ ላይ የለም" ብለው ሥራውን አይጀምሩልኝም። ልክ ናቸው።

4. ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እንኳ ሩቅ ካለ ቢሮ ያለነውም በየላፕቶፓችን፣ በጆሮ ማዳመጫ እንገባለን። አንድ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ሩቅ ያለው የሚሰማው የወንበር ድምፅ ነው።

5. ሠራተኛው ኦንላይን መሆኑን የሚቆጥር ሶፍትዌር አትግዙ፤ ማውስ ማነቃነቅ ነው የምታስተምሩት። የሚረከብ ሥራ ሰኞ ስጡ፣ ዓርብ ተረከቡ።

6. ከቤት ለሚሠሩት የሞባይል ዳታ ቢሮው ይሙላ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ከኪሱ ካርድ እየሞላ ስብሰባ የሚገባ ሰው ካሜራውን ቢያጠፋ አትፍረዱበት።