የፓይተን ፕሮግራም ሚሞሪ ሲያፈስ፦ ፍለጋው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓይተን ሚሞሪውን ራሱ ያጸዳል ብለን ስለምናምን፣ ሰርቨር ላይ ቀን ከሌት የሚሠራው ፕሮግራማችን እየወፈረ ሄዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲገድለው ግራ ይገባናል። እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች ሚሞሪ ፈሰሰ የሚባለው አድራሻው ጠፍቶ ማንም ሊመልሰው ሲያቅተው ነው። ፓይተን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሚሞሪው ያልተለቀቀው የሆነ ቦታ ላይ አሁንም የያዘው ስላለ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ሁሉ «ማን ያዘው?» ወደሚለው ጥያቄ መድረስ አለበት።

የመጀመሪያው ስህተት ጭማሪን ሁሉ ሊክ (የሚሞሪ መፍሰስ) ማለት ነው። በተለመደው ፓይተን እስከ 512 ባይት የሆኑ ትናንሽ ኦብጀክቶች የሚቀመጡት አሬና በሚባሉ ትላልቅ ቁራጮች ውስጥ ነው፤ የአንዱ አሬና መጠን እስከ 3.9 ድረስ 256 ኪሎባይት ነበር፣ ከ3.10 ወዲህ 1 ሜጋባይት ሆኗል። አሬናው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚመለሰው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ኦብጀክት ውስጡ ከቀረች ሁሉም ባለበት ይቆያል። ከባድ ሥራ ካለቀ በኋላ የፕሮሴሱ መጠን አልወርድ የሚለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀጣዩ ሥራ ያንኑ ቦታ መልሶ ይጠቀምበታል። ለመለየት ያንኑ ሥራ 100 ጊዜ፣ 200 ጊዜ፣ 300 ጊዜ ደጋግመው ያሠሩት። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አይቁጠሯቸው፤ ሞጁሎች የሚጫኑት፣ ካሾች (ውጤትን ለድጋሚ ጥቅም የሚያስቀምጡ ማከማቻዎች) የሚሞሉት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ከተኛ ችግር የለም፤ በየዙሩ እኩል እኩል እየጨመረ ከሄደ ግን በእርግጥም እያፈሰሰ ነው።

ሁለተኛው ጂሲ ኮሌክትን፣ ማለትም የፓይተንን ቆሻሻ ሰብሳቢ የሚጠራውን ትዕዛዝ፣ በየፈንክሽኑ መበተን ነው። ፓይተን አብዛኛውን ኦብጀክት የሚለቀው ሪፈረንስ (ኦብጀክቱን የያዙ ማጣቀሻዎችን) በመቁጠር ነው፤ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ወዲያው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፓይተን 2.0 ጋር የመጣው ሰብሳቢ የሚያስፈልገው እርስ በርስ ተያይዘው ቆጠራቸው ዜሮ ለማይደርስ ኦብጀክቶች ብቻ ነው። ግሎባል ሊስት ውስጥ የተከማቸ ነገር ላይ ሺህ ጊዜ ቢጠሩት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ትክክለኛ ቦታው ከመለካት በፊት ነው፤ አንዴ ይጥሩት፣ ከዚያ ይለኩ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከፓይተን 3.4 ጋር የመጣው ትሬስማሎክ እያንዳንዱ ሚሞሪ የትኛው መስመር ላይ እንደተያዘ ይመዘግባል። ብዙዎች አንድ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት የሚሞሪ ምዝገባ) ያነሱና ከላይ የተቀመጠውን መስመር ጥፋተኛ ያደርጋሉ። ከላይ የሚቀመጠው ግን ትልቁ እንጂ እያደገ ያለው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲጀመር የተጫነ፣ ምንም ያላጠፋ ሰንጠረዥ ነው። ሁለት ስናፕሾት ያንሱ፣ በመካከላቸው ሥራውን ያሠሩት፣ ልዩነቱን ይመልከቱ። ትሬስማሎክ ከመጀመሩ በፊት የተያዘውን ስለማያውቅ ፕሮግራሙ ሲነሳ አብሮ ይጀምር። በራሱ ከተተወ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዋን አንዲት መስመር ብቻ ስለሆነ ለምሳሌ የጄሰን ላይብረሪ ውስጥ ያለ ቦታ ጠቁሞዎት ያርፋል፤ 25 ደረጃ እንዲመዘግብ ካዘዙት ማን እንደጠራው ጭምር ያያሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥነትም ሚሞሪም ይበላል።

እዚህ ደርሰው ጨረስኩ ማለትም ስህተት ነው። ትሬስማሎክ የሚነግርዎት ኦብጀክቱ የት እንደተወለደ ነው፤ ማን እንደያዘው አይናገርም። ለዚያ ጂሲ ሞጁል ውስጥ ያለው ጌት ሪፈረርስ፣ ወይም ሰንሰለቱን በሥዕል የሚያሳየው ኦብጅግራፍ አለ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ፋይል የሚያነበውን ኮድ ስፈትሽ ከረምኩ፤ ትሬስማሎክ እሱን ነበር የሚጠቁመው። ይዞ የነበረው ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ፣ ራሴ ከወራት በፊት ሜተድ ላይ የለጠፍኩት፣ የፈንክሽን ውጤቶችን የሚያስታውሰው ኤልአርዩ ካሽ ነበር። ካሹ ሰልፍን (ሜተዱ የተጠራበትን ኦብጀክት) እንደ ቁልፉ አካል ስለሚያስቀምጥ ኦብጀክቱን ከነሸክሙ ይዞ ይቀራል። በራሱ ከተተወ 128 ውጤት ላይ ይገታል፣ እኔ ግን ለፍጥነት ብዬ ገደቡን አንስቼው ነበር። ከ3.9 ጀምሮ ያለው ካሽ የሚባለው አጭር ስሙ ደግሞ ከመነሻው ገደብ የለውም። ሜተድ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ሥራውን ወደ ተራ ፈንክሽን አውጥቶ የሚያስፈልገውን ዋጋ ብቻ ማቀበል ይሻላል።

የኦብጀክት መጠን የሚናገረውን ጌትሳይዝኦፍን ማመንም ያሳስታል። የሚለካው የኦብጀክቱን ቅርፊት ብቻ ነው፤ መቶ ሜጋባይት ጽሑፍ የያዘ ባለ አንድ አባል ሊስት ከመቶ ባይት በታች ሆኖ ይታያል።

ኤክሴፕሽን (ስህተት ሲፈጠር የሚነሳውን ኦብጀክት) ሰብስቦ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ኤክሴፕሽኑ ትሬስባኩን (ስህተቱ የመጣበትን የጥሪ ሰንሰለት) ይይዛል፣ ትሬስባኩ ፍሬሞቹን (የየፈንክሽኑን ጥሪ መዝገብ)፣ ፍሬሞቹ ደግሞ በዚያ ቅጽበት የነበሩ ቫሪያብሎችን በሙሉ። ፓይተን 3 የኤክሴፕት ብሎኩ ሲያልቅ ስሙን የሚሰርዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርስዎ ግን «በኋላ አየዋለሁ» ብለው ሊስት ውስጥ ከጨመሩት ጥንቃቄው ከንቱ ይሆናል። የስህተቱን ጽሑፍ ብቻ ያስቀምጡ።

አንዳንዴ ትሬስማሎክ ጸጥ ብሎ ሳለ የፕሮሴሱ መጠን መውጣቱን ይቀጥላል። ያኔ የፓይተን ኮድዎን ማገላበጥ ይተዉ፤ ሚሞሪው የተያዘው ምናልባት በሲ በተጻፈ ላይብረሪ ውስጥ ነው፣ ለዚያም ሜምሬይን የመሰለ ወደ ታች የሚያይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ብዙ ትሬድ ያለው የሊኑክስ ፕሮግራም ከሆነ ግን መጀመሪያ ማሎክ አሬና ማክስ የሚለውን ቅንብር ዝቅ አድርገው ይሞክሩ። የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ በ64 ቢት ማሽን ላይ የኮር ብዛት 8 እጥፍ የሚደርስ የራሱን አሬናዎች ስለሚከፍት፣ ሊክ ያልሆነ ነገር ሊክ መስሎ ይታያል።

በመጨረሻ፣ ወርከሩን (ጥያቄዎችን የሚያስተናግደውን የሰርቨር ፕሮሴስ) በየጊዜው እያጠፉ ማስነሳት። ይህን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። ምንጩ የሰው ላይብረሪ ከሆነና ማረም ካልቻሉ የፓይተን ዌብ ሰርቨሩ ጉኒኮርን ማክስ ሪኩዌስትስ የሚለውን (ወርከሩ ከስንት ጥያቄ በኋላ እንደሚነሳ የሚወስነውን ቅንብር) ያዘጋጀው ለዚሁ ነው። ስህተቱ ሁሉም ወርከሮች በአንድ ጊዜ እንዲወድቁ መተው ነው። በዚያ ቁጥር ላይ የዘፈቀደ ልዩነት የሚጨምረውን ጂተር የሚለውን ቅንብር አብረው ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ወርከር በተለያየ ቁጥር ላይ ይነሳል።