ለእማዬ የቱ ስልክ ይሻላል? ባሕር ዳር ቤተሰብ ላላቸው አዲስ ገቢዎች

ውጭ አገር ገብቶ ሥራ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚያምረው ነገር አለ፤ ለእናቱ ስልክ መላክ። ደመወዝ እጅ ላይ ሳይገባ ሱቅ ለሱቅ ዋጋ ማየት ይጀመራል። ሐሳቡ የተባረከ ነው። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚላከው ስልክ ላኪውን የሚያስደስት እንጂ እናትየው የሚችሉት አይደለም። ሽምብጥ ወይም ቀበሌ 14 ጎራ ብትሉ፣ ከውጭ የመጣ ውድ ስልክ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ እናትየው በድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልክ "አሎ!" የሚሉበት ቤት አታጡም።

ምክሬ አጭር ነው። ስልኩን ካላችሁበት አገር አትግዙ። ብሩን ላኩና ባሕር ዳር ባለ ቁልፍ ስልክ ይገዛ። ምርጫውን ግን ለሻጩም ለታናሽ ወንድማችሁም አትተዉት።

እርግጥ ይሉኝታ አለ። "ልጇ አሜሪካ ሆኖ ይቺን ላከላት?" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይበል። ስልኩ የሚገዛው ቡና ሊጠጣ ለሚመጣ ሰው አይደለም። የተረፈው ገንዘብ ለካርድና ለመድኃኒት ይሆናል። ደግሞም ገበያ መሀል ባለ ቁልፍ ስልክ ለመስረቅ የሚደክም ሌባ ብዙ አይደለም።

ከውጭ መግዛት ለምን አያዋጣም

አንደኛ፣ አሜሪካ በቅናሽ የሚሸጡት ቀላል ስልኮች ብዙዎቹ ለአንድ የስልክ ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሲገባባቸው የመክፈቻ ኮድ ይጠይቃሉ። ማስከፈት ይቻላል፤ ግን ኩባንያው አስቀድሞ ዕዳው እንዲያልቅ ወይም ስልኩ ለተወሰነ ጊዜ በራሱ መስመር ላይ እንዲቆይ ይፈልጋል። እናንተ ገና መኖሪያ ፈቃድና የቤት ኪራይ ላይ እየተሯሯጣችሁ ይህን መከታተል ራስ ምታት ነው።

ለአረጋውያን ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ የባሰ ያታልላል። አሜሪካ ውስጥ በጣም የሚታወቀው ጂተርበግ የሚሠራው ከራሱ ወርኃዊ አገልግሎት ጋር ነው። የድረሱልኝ ቁልፉ የሚያገናኘው እዚያው አሜሪካ ካለ ማዕከል ጋር ነው። ዘጌ ላይ ሆነው ቢጫኑት የሚደርስላቸው የለም። አውሮፓ የሚሸጡት ከዚህ ይሻላሉ። ቁልፋቸው ትልልቅ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ የድረሱልኝ ቁልፋቸውም አብዛኛውን ጊዜ ራሳችሁ ለመዘገባችሁት ቁጥር ይደውላል። ምናሌያቸው ላይ ግን አማርኛ አታገኙም። ስሙን በአማርኛ መዝግባችሁ የላካችሁለት ልጅ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል።

ሌላው ኔትወርኩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 2ጂ፣ ማለትም ቀላል ስልኮች የሚጠቀሙበት የድሮው ኔትወርክ፣ የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ግን 850 እና 1900 ነበር። ሁሉንም የማይቀበል የድሮ ስልክ እዚያ ሲደርስ ኔትወርክ አያገኝም። በነገራችን ላይ ነገሩ ለእናንተም ይሠራል። ከአገር ይዛችሁት የመጣችሁት 2ጂ ስልክ ላይ ተስፋ አታድርጉ። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች 3ጂን ጭምር እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል፣ አውስትራሊያም በ2024። አገር ቤት ግን 2ጂ ዛሬም አለ፤ ቀላል ስልክ እዚያ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

"ሰው ሊሄድ ነው፣ ገዝቻለሁ፣ ልላክ" ካላችሁ ደግሞ፣ ስልኩና ትርፍ ባትሪው በእጅ ሻንጣ ይሂድ እንጂ ወደ ጭነት እንዳይገባ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 የሚል ቁጥር ካለ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። ጠፍጣፋው የአሜሪካ ሶኬት ግን ማቀያየሪያ ይፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ

መጀመሪያ ነገር፣ እናታችሁ ራሳቸው ይሂዱ። ባጃጅ ይከፈልላቸው። ስልክ እንደ ጫማ ሳይለኩት አይገዛም። ወንድማችሁ ደግሞ ከሱቁ በቪዲዮ ይደውልላችሁ፤ እናንተም ታያላችሁ።

ሻጩ ስለ ካሜራ ሲያወራ አትስሙት። ስልኩን እናትየው እጅ ላይ አድርጎ አንድ ባለ አስር አኃዝ ቁጥር በአውራ ጣታቸው እንዲመቱ ይጠይቅ። ዕድሜ ልኩን እንጀራ ሲጋግር፣ ጥጥ ሲፈትል የኖረ ጣት ለስላሳ መስታወት ላይ ብዙ ጊዜ አይታዘዝም፤ ቁልፍ ግን ሲጫኑት ይሰማል። ቁልፎቹ የተራራቁ መሆናቸውን ተመልከቱ። አምስት ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ነጥብ አለች፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እሷን ዳብሰው ሌላውን ያገኛሉ። ቁልፉ አንድ ወጥ ጎማ የሆነው፣ እንደ ኖኪያ 105 ዓይነቱ፣ ዱቄትና አቧራ ቶሎ አያስገባም።

ድምፁ ደጅ ይሞከር። ሱቅ ውስጥ ጸጥ ባለበት ሁሉም ስልክ ይጮኻል። በር ላይ ወጥተው፣ ባጃጅ እያለፈ፣ የወንድማችሁን ድምፅ በደንብ ይሰማሉ? ካልሰሙ ሌላ ይምጣ። ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ብሎ የሚሰነጣጠቅም አይጠቅምም።

ተጣጣፊው ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሲከፍቱት ይነሳል፣ ሲያጥፉት ይዘጋል፤ ለሚረሳ ሰው ይቀላል። ማጠፊያው ግን ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ጠጋኝ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ። ከዚያ ይልቅ የቁልፍ መቆለፊያው በራሱ እንዲዘጋ ይደረግ። እናቶቻችን ስልክ የሚይዙት የት ነው? መቀነት ውስጥ ወይም ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥረው። ያልተቆለፈ ስልክ እዚያ ውስጥ ሆኖ ለቄሱም ለዘመዱም ሲደውል ይውላል፤ ካርዱም ያልቃል።

የእጅ ባትሪ ይኑረው፤ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው የሚፈለገው እሱ ነው። ሬድዮም አይርሳ። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9ን ጠዋት ሳይሰሙ የማይውሉ አሉ። አንዳንዱ ስልክ ሬድዮ የሚያሰማው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሲሰካ ብቻ ስለሆነ እሱም ይሞከር። የባለ ቁልፍ ስልክ ባትሪ ትንሽ ቢሆንም፣ ኖኪያ 105 ላይ ከ800 እስከ 1000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ፣ ለብዙ ቀን ይበቃል። ደቅ ደሴት ላይ ወይም ወደ ፎገራ ገጠር ላሉ አያቶች ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ታንኳ ወይም ጀልባ ላይ ለሚወጡ ደግሞ ወፍራም ፌስታል ይጨመርላቸው፤ ጣና የዋጠው ስልክ አይመለስም።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ስልኩ ላይ *#06# ይመታ። የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ከባትሪው ሥርና ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል።

ሲሙንም እዩት። የድሮው ሲም ለተች ስልክ ተብሎ ተቆርጦ ከሆነ ብዙ ቀላል ስልኮች ውስጥ ይንሸራተታል። ትንሿ የፕላስቲክ ፍሬም ከሌለች "ኔትወርክ የለም" እያለ ሲያናድድ ይከርማል። ባለ ሁለት ሲም ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም 09፣ ሌላው የሳፋሪኮም 07። የሰፈሩ ሰው የቱን እንደሚጠቀም ጎረቤት ጠይቁ።

ከተገዛ በኋላ

አገር ቤት የሚሸጡት ብዙዎቹ ቴክኖና አይቴል አማርኛ አላቸው። ቋንቋው ወደ አማርኛ ይዙር፤ ስሞቹም እሳቸው በሚጠሩበት ይጻፉ። "ኢንጂነር እንትና" ተብሎ የተመዘገበ ልጅ አይገኝም፤ "አቡሽ" ከሆነ አቡሽ ይባል። የእናንተ ቁጥር ከነመደመሪያ ምልክቱና ከነአገር ኮዱ ይግባ። ፊደል የማያነቡ ከሆነ ፈጣን መደወያ ይሠራላቸው፦ 2ን ጫን አድርገው ሲይዙ ለታላቅ ልጅ፣ 3ን ለጎረቤት። ቁልፉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበት። # ቁልፍን ጫን አድርጎ በመያዝ ድምፅ ማጥፋትም በብዙዎቹ ላይ ይሠራል። ቅዳሴ መሀል ስልካቸው ጮኾ ያፈሩ እናት ይህንን አንዴ ካወቁ አይረሱትም።

ሰዓቱ ላይ ልቆይ። ስልኩ በራሱ ሲያስተካክል ጠዋት አንድ ሰዓትን 7 ብሎ ያሳያል። እናታችሁ ደግሞ መድኃኒት የሚውጡት፣ ጾም የሚፈቱት በእኛ ሰዓት ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ራስ ሰር ማስተካከያውን አጥፍቶ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መመለስ። ምንም አይበላሽም። ተች ስልክ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ፤ ሰዓቱ ሲዛባ አንዳንዱ አፕ አልገናኝም ሊል ይችላል። የእናንተን ሰዓትም አስረዷቸው። ዋሽንግተን ያላችሁ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ስምንት ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ ሰባት ሰዓት ወደኋላ ናችሁ። እሳቸው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ እናንተ ዘንድ ምሽት አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ነው። ሰዓቱ የተለወጠ ሰሞን "ልጄ ምነው አሳለፈ?" ብለው እንዳይጨነቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

"ታዲያ ፊታቸውን አላይም?" ትሉ ይሆናል። ታያላችሁ። ቤት ውስጥ ያለ የልጅ ልጅ ወይም ተከራይ ተች ስልክ ይኖረዋል፤ የቪዲዮው ጥሪ በዚያ ይሁን። የእናትየው የራሳቸው ግን ቁልፍ ይሁን። በኢንተርኔት ብቻ መመካት ምን እንደሚያስከትል አማራ ክልል ውስጥ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ኢሞ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ድምፅ የተሰማው፣ መስመር ሲገኝ፣ በተራ ጥሪ ነው። ፊደል የሚያነቡ፣ ዓይናቸው ደህና የሆነ፣ "እኔም ተች ልልመድ" የሚሉ እናት ካሉማ አትከልክሏቸው። ይገዛላቸው። ባለ ቁልፉን ግን አትጣሉት።

ወደ ስልካቸው ለመደወል አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ አንዳንዴ የሚታያቸው ቁጥር የማያውቁት ይሆናል፤ አያነሱትም። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋርጦ እንደገና ሲጠራ እናንተ እንደሆናችሁ ተስማሙ። እሳቸው ሲፈልጓችሁ ሚስኮል ያድርጉ እንጂ ወደ ውጭ አይደውሉ፤ ካርዱ በደቂቃ ይበላል። አገር ውስጥ ካርድ ሲያልቅባቸው *807*ን አስቀድመው የሚፈልጉትን ሰው ቁጥርና # ቢመቱ "ደውልልኝ" የሚል መልእክት ይሄዳል። ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል።

ቴሌብር ለባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል፤ *127# ነው። ብር በዚያ የሚደርሳቸው ከሆነ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው ብቻ ይሁን። "ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ" የሚል ከመጣ መዝጋት ነው። ሰላምታ እንኳን አያስፈልግም። አዛውንቶች ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት ነውር ስለሚመስላቸው ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አንድ የቀረ ነገር፤ ሲሙ በማን ስም ነው? ብዙ ቤት ውስጥ ወንድም ለራሱ አውጥቶ ለእናቱ የሰጠው ነው። ወንድምየው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሲሄድ ስልኩ ቢጠፋ ምትክ ሲም ማውጣት ይቸግራል፤ የሚጠየቀው ባለቤቱ ከነመታወቂያው ነውና። ስልኩ በተገዛበት ቀን፣ እናትየው ከተማ ላይ እያሉ፣ መታወቂያቸውን ይዘው ቴሌ ጎራ ይበሉና መስመሩ በስማቸው ይዙር።