የሰባት ዓመቱን ጦርነት ስታነቡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የኖረ ሐበሻ ብራዶክ ሮድ የሚባለውን የባቡር ጣቢያ ሳያውቅ አይቀርም። ብራዶክ የእንግሊዝ ጄኔራል ነበር። በኤፕሪል 1755 እዚያው ከተማ፣ ጆን ካርላይል በሚባል ነጋዴ ቤት ከአምስት የቅኝ ግዛት ገዢዎች ጋር ተቀምጦ ፈረንሳይን ከኦሃዮ ሸለቆ ለማስወጣት መከረ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ብራዶክ ግን በጁላይ ሞተ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ዋና ተፋላሚ የሆኑበት ይህ የሰባት ዓመት ጦርነት ሰሜን አሜሪካ ላይ በ1754 ተጀመረ። አውሮፓ ውስጥ በይፋ የታወጀው በ1756 ነው። በ1763 አለቀ። ልጆቻቸውን የቤት ሥራ ለማገዝ የሚያነቡ ወላጆችም ሆኑ ታሪክ ወዳዶች አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ሲሳሳቱ አያለሁ።

ሁለት ተፋላሚ ብቻ ነበር ማለት

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ብዙ ሰው ነገሩን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ግጥሚያ አድርጎ ያነባል። ድሮ «ቀይ ህንዶች» እያልን የምንጠራቸው የአገሩ ባለቤቶች የፈረንሳይ አጃቢ ሆነው ይቀራሉ። መሬቱ እኮ የእነሱ ነበር። የሚዋጉትም በራሳቸው ስሌት ነው።

እሳቱን የለኮሰውን ተኩስ እንይ። ሜይ 28 ቀን 1754 የ22 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ዛሬ ፔንሲልቬንያ በሚባለው ግዛት ጫካ ውስጥ የሰፈሩ ጥቂት ፈረንሳዮችን በማለዳ ደረሰባቸው። አዛዣቸው ጁሞንቪል ተገደለ። ሰፈሩ የት እንዳለ ለዋሽንግተን የነገረው ታናግሪሰን የሚባል፣ ኦሃዮ ውስጥ ኢሮኳ የሚባለው የአገሩ ሕዝቦች ኅብረት ተወካይ የነበረ ሰው ነው። ተዋጊዎቹን ይዞ አብሮም ዘምቷል። ፈረንሳዮች አካባቢውን ለቀው እንዲሄዱ ይፈልግ ነበር። ያን ቀን ማን ማንን እንደተጠቀመ ለመወሰን ያስቸግራል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሞሃውኮች በ1755 ሌክ ጆርጅ ላይ ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፈው መሪያቸውን ሄንድሪክን አጡ። አቤናኪዎች ከፈረንሳይ ጋር ነበሩ። ቼሮኪዎች ከእንግሊዝ ጋር ጀምረው በኋላ መልሰው እንግሊዝን ወጉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የኢስተን ስምምነት ነው። በኦክቶበር 1758 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ደላዌሮችና ሌሎች ሕዝቦች ከእንግሊዞች ጋር ተቀመጡ። ከአሌጌኒ ተራሮች ወዲያ ሰፋሪ እንደማይገባ ቃል ተገባላቸው። እነሱም የፈረንሳይን ወዳጅነት ተዉ። በሚቀጥለው ወር ፈረንሳዮች የዱኬን ምሽጋቸውን ራሳቸው አቃጥለው ሄዱ። ብራዶክ ሕይወቱን የከፈለበት ምሽግ ማለት ነው፤ ያለ ከበባ ተያዘ። ዛሬ ቦታው ፒትስበርግ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ግን ስለ ኢስተን አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ፣ ያውም ከጻፉ።

«እንግሊዞች የጫካ ውጊያ ስላልቻሉ ተሸነፉ» በሚለው ረክቶ መቀመጥ

ጁላይ 9 ቀን 1755 ሞኖንጋሂላ ወንዝ አጠገብ ከብራዶክ 1,300 ገደማ ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ተጋጣሚዎቹ በአብዛኛው የአገሩ ተዋጊዎች ነበሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ቀይ ኮት ለብሰው ተሰልፈው ቆመው አለቁ» ተብሎ ይነገራል። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ብራዶክ ከአገሬው ሰው ወዳጅ አላበጀም። አብረውት የቀሩት መንገድ መሪዎች ከአስር አይበልጡም ነበር። እንግሊዝ በኋላ ያሸነፈችውም የጫካ ውጊያ ስለተማረች ብቻ አይደለም። መንገድ እየቆረጠች፣ በመርከብ እያመላለሰች፣ ገንዘብ እያፈሰሰች ነው። የሕዝቡንም ብዛት አትርሱ፤ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራቸው፣ የፈረንሳዩ ካናዳ ግን 100,000 እንኳ አይሞላም።

ኩቤክ ላይ መጽሐፉን መዝጋት

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 ፈረንሳዮች በያዟት የካናዳ ከተማ በኩቤክ አጠገብ የእንግሊዙ ዎልፍና የፈረንሳዩ ሞንካልም ተገናኙ። እንግሊዝ አሸነፈች፤ ሁለቱም ጄኔራሎች ሞቱ። እንዲህ ያለ ትዕይንት ላይ መጋረጃ መዝጋት ያጓጓል። ሆኖም በኤፕሪል 1760 ፈረንሳዩ ሌቪ ተመልሶ መጣ፣ ሴንት ፎዋ ላይ እንግሊዞችን አሸነፈ፣ ከተማዋንም ከበበ። ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸውን ወንዙ ላይ ተክለው የመርከብ እርዳታ ጠበቁ። በሜይ ቀድመው የደረሱት የእንግሊዝ መርከቦች ናቸው። ምክንያቱም የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በኖቬምበር 1759 ከፈረንሳይ ጠረፍ ሳይርቅ ኪበሮን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተሰባብሮ ነበር። ሞንትሪያል እጅ የሰጠችው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1760 ነው።

አሜሪካ ላይ ብቻ መቅረት

ጦርነቱ አፍሪካም ደርሷል። በ1758 እንግሊዝ ከፈረንሳይ ላይ ሴንት ልዊንና ጎሬን ያዘች፤ ሁለቱም ዛሬ ሴኔጋል ውስጥ ናቸው። የፈለገችው ባሪያና የግራር ሙጫ ነበር። ሙጫው ለጨርቅ ፋብሪካዎች ይፈለግ ነበር። በ1757 ህንድ ውስጥ የፕላሲ ውጊያ፣ በ1762 ደግሞ የሃቫናና የማኒላ መያዝ ተጨመሩ።

በዛሬ ካርታ መፍረድ

«ፈረንሳይ ያን ሁሉ ካናዳ ሰጥታ ትንሿን የካሪቢያን ደሴት ጓደሉፕን መረጠች፣ ምን ነካት?» ይባላል። በ1763 የፓሪስ ውል ጊዜ ስኳር ምን ያህል ያስገኝ እንደነበር ያየ ሰው አይገረምም። ለንደን ውስጥም ጓደሉፕን ይዘን ካናዳን እንመልስ ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ያ ስኳር የሚመረተው በባሪያ ጉልበት መሆኑን ግን ማንም ሲያነብ መዝለል የለበትም።

1763 ላይ ማቆም

ፓሪስ ላይ የአገሩ ሕዝቦች አልተጠሩም። መሬታቸው ግን ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው ዞረ። በዚያው ዓመት ፖንቲያክና ሌሎች የአገሩ ሕዝቦች መሪዎች ተነሥተው የእንግሊዝ ምሽጎችን አጠቁ። በኦክቶበር የእንግሊዝ ንጉሥ ሰፋሪዎችን ከተራሮቹ ወዲያ እንዳትሰፍሩ ብሎ አወጀ። ዋሽንግተን በ1767 አዋጁ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው ብሎ ለአንድ መሬት ቀያሽ ጻፈ፤ ከመስመሩ ወዲያ ጥሩ መሬት በድብቅ እንዲፈልግለትም ጠየቀው። እንግሊዝ በበኩሏ ዕዳዋ ከ75 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 130 ሚሊዮን ገደማ አሻቅቦ ነበር። በ1765 በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ላይ የቴምብር ቀረጥ የጣለችው ለዚህ ነው። የተከተለውን የአሜሪካ አብዮት ግን እንግሊዝ አልወደደችውም።

ዓመተ ምሕረቱን ማደባለቅ

ይህቺ ትንሽ ናት። ከላይ ያሉት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ አያዋጣም። የሴፕቴምበር 1759ኙ የኩቤክ ውጊያ በእኛ መስከረም 1752 ላይ ነው የሚውለው፣ 1751 አይደለም። በአብዛኛው የጦርነቱ ዘመን ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በአያታቸው በእቴጌ ምንትዋብ እጅ ነበር።