ሐረር ከሄዳችሁ ሁለቱን በአንድ ጠዋት እዩ

ጀጎል (በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ) ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተክርስቲያንና የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በእግር የሚዳረሱ ናቸው። በተለያየ ቀን አትዩዋቸው። ተከታትለው ሲታዩ ነው ብዙ የሚናገሩት።

መጀመሪያ ቤተክርስቲያኑ። ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ። ከዚያ ሥዕሎቹ ላይ ዓይን ዓይኑን እዩ። በነባሩ የኢትዮጵያ አሣሣል ጻድቃንና መላእክት ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያዩናል። ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አዳዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ይህ ደንብ ሊላላ ይችላል። ግን አንዴ ካወቃችሁት፣ ጽሑፉን ሳታነቡም ታሪኩ ይገባችኋል። እኔ እንደዚህ ደስ የሚለኝ ነገር የለም።

ሙዚየሙ ጋ በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ ቁርኣኖች አሉ። ሰው አይሣልባቸውም። ጥበቡ ሁሉ የፈሰሰው ፊደሉ፣ ኅዳጉና ሽፋኑ ላይ ነው። በተለይ ሽፋኑን ልብ በሉ። የግእዝ ብራና በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል። በእስልምናው አጠራረዝ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሽፋን የሚታጠፍ የቆዳ ክዳን አለ፣ የገጾቹን ጠርዝ ይጠብቃል። ቆዳው ላይ ጌጥ ማተም ግን የሁለቱም ሙያ ነው። አስጎብኚ ካለ፣ ክዳን ያለውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።