የዘመድን የውትድርና መዝገብ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም አርበኛ ወይም ወታደር ያልወጣበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ «አያታችን ዘምተዋል» በምትል አንዲት ቃል ያልቃል። መቼ? የት? በማን ሥር? ሲባል ሁሉም ዝም ይላል።

ትልቁ ስህተት በአንድ ስም ብቻ መፈለግ ነው። የአጎቴን ፋይል በአባታቸው ስም ሁለት ዓመት ፈልገን አጣነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን ታላቅ እኅታቸው ዕጣን እየጨመሩ «እሱ እኮ ያደገው እናታችን አባት ቤት ነው፤ ሲቀጠርም በአያቱ ስም ነው የገባው» አሉን። ፋይሉ በዚያ ስም በሦስተኛው ሳምንት ተገኘ። ከጉርድ ፎቶግራፉ በታች የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ «ወራሽ» በሚለው መስመር ላይ የአያቴ ስም ተጽፏል። ያን ቀን እናቴ ወረቀቱን ደጋግማ ሳመችው።

ስለዚህ መጠሪያ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ ያሳደገውን ሰው ስም፣ ለአርበኛ ደግሞ የፈረስ ስሙን ሰብስቡ። በላይ ዘለቀን «አባ ኮስትር» ብሎ የሚያውቃቸው ሰው ብዙ ነው፤ የእርስዎም አያት በፉከራ የሚታወሱት በፈረስ ስማቸው ሊሆን ይችላል። ፊደሉንም አይናቁት፦ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፤ ዓለሙ፣ አለሙ። በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ እነዚህ ተራርቀው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ጦሩን ሳይለዩ መጠየቅ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጋ አርበኛ የቅጥር ቁጥር አልነበረውም፤ ዱካው በምስክር ወረቀት፣ በሜዳይና በአርበኞች ማኅበር ዘንድ ይፈለጋል። ክቡር ዘበኛ ሌላ፣ ጦር ሠራዊት ሌላ፣ በ1969 በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻም ሌላ ነው። በ1975 በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና የሄደውንም ከእነዚህ አትቀላቅሉት። «ኮሪያ ዘምቷል» ሲባልም ዓመቱን ጠይቁ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ የተጓዘው በ1943 ነው፤ በ1952 ማብቂያ ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ኮንጎ ሊሆን ይችላል።

ዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዞች ወረቀት ያው ዘመቻ 1941 ላይ ተጽፏል። በውጭ መዝገብ ውስጥ 1933 ብሎ የሚፈልግ ሰው ጦርነቱ ገና ያልጀመረበት ዓመት ላይ ይወድቃል።

የትውልድ ቦታን በዛሬው አጠራር መጻፍም ፋይል ያሳጣል። የድሮ ቅጽ «ምሥራቅ ጎጃም ዞን» ወይም «አዊ» አይልም፤ «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ቢቸና አውራጃ» ወይም «አገው ምድር አውራጃ» ይላል። ማዕረግም እንደዚሁ ነው። ግራዝማችና ቀኝአዝማች ከሃምሳ አለቃና ከሻምበል ጋር አንድ መሰላል ላይ አይደሉም፤ በበረሃ በአርበኛ አለቃ የተሰጠ ማዕረግ ደግሞ በመንግሥት ወረቀት ላይ ላይገኝ ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። አንዳንድ ቤት ዝም የሚለው ስለረሳ ሳይሆን ስለሚያፍር ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ባንዳ የገባ ዘመድ ይኖራል። ይህን በሠርግ ወይም በተዝካር መሐል አትጠይቁ። ሽማግሌውን ለብቻቸው፣ በጓሮ በኩል፣ ጊዜ ሰጥታችሁ አነጋግሩ። ታሪኩ መራራ ቢሆንም የቤተሰቡ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ደግሞ ቤት ያለውን ሳይፈትሹ አዲስ አበባ መሮጥ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ወታደር ወረቀቱን ይዞ የገባው ወደ ቤቱ ነው። የእናቶችን ሳጥን፣ የዳዊቱን ማኅደር፣ የጡረታ ደብተሩን እዩ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን መንገድ ይከፍታል። ያገኙትን ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሥተው ቅጂውን ይስጡ። የግድግዳ ፎቶግራፎችንም ከመስታወታቸው አውጡ። የአጎቴ ፎቶግራፍ ሠላሳ ዓመት ሳሎን ተሰቅሎ ሲኖር ጀርባውን ያየ አልነበረም፤ በእርሳስ «ጅጅጋ፣ 1970» ተብሎ ከሥሩ የሦስት ጓደኞቹ ስም ተጽፏል። አሁን የምንፈልገው እነሱን ነው።