በሙቀት ወራት የመብራት ቢል ለምን ያሻቅባል? ጅማ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል። በዚያው ሰሞን ቢል ሲመጣ በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኛ ኤሲ የለን፣ ምን ተጠቅመን ነው ይህን ያህል የመጣው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጅማ ውስጥ ኤሲ ያለው መኖሪያ ቤት ጥቂት ነው። ቢሉን የሚያንረው አዲስ ዕቃ ሳይሆን ድሮም ቤት ውስጥ የነበረው ነው፤ ሙቀቱ ያንን ዕቃ የበለጠ ያሠራዋል፣ የእኛንም ልማድ ሳናውቀው ይቀይረዋል። ይህ ካልታየ ሰው የማይመለከተውን ዕቃ እያጠፋ ዋናውን ሲያበላው ይከርማል።

ብሩን አይቶ ቁጥሩን አለማየት

ቢሉ ላይ ከብሩ በፊት መታየት ያለበት ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ የወሩ ፍጆታ ነው፤ የሚለካውም በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተደረገ፣ ፍጆታችሁ ባለበት ቆሞ ብሩ ብቻ ሊጨምር ይችላል። ያ ከሆነ ጥፋቱ የሙቀቱም የፍሪጁም አይደለም።

ፍጆታው ጨምሮ ከሆነ ደግሞ የእርከኑን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በ50፣ በ100፣ በ200፣ በ300፣ በ400 እና በ500 ኪሎ ዋት ሰዓት የተከፋፈለ ነው፤ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ጥር ላይ 190 የተጠቀመ ቤት መጋቢት ላይ 25 ብቻ ቢጨምር 215 ይደርሳል፤ የ200ን ድንበር አለፈ ማለት ነው። ጭማሪው ሲታይ ትንሽ ነው፣ ብሩ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ከታች የምዘረዝራቸውን ትናንሽ ነገሮች ማንም እንዳይንቃቸው እለምናለሁ፤ ድንበሩ ጫፍ ላይ ላለ ቤት 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ ነው።

የንባቡ ቀንም ይታይ። ቆጣሪው በ30 ቀን ፈንታ በ36 ቀን ከተነበበ ወሩ የጨመረ ይመስላል። ቢሉ ላይ የተጻፈው የአሁኑ ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር በልጦ ከተገኘ ደግሞ በግምት ወይም በስህተት ተሞልቷል ማለት ነው። የቆጣሪውን ፎቶ አንስቶ ወደ አገልግሎት ማዕከል መሄድ ወይም 905 መደወል ነው።

ቬንትሌተሩን መወንጀል

ቢል ሲጨምር መጀመሪያ የሚነቀለው ቬንትሌተር ነው፤ ሙቀት ሲመጣ የገባው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ተራ የቤት ቬንትሌተር 60 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 14 ወይም 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ልጆችን በላብ አስተኝቶ ይህን ማትረፍ አያዋጣም። ቬንትሌተር ግን ክፍልን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ የሚነካውን ሰው ብቻ ነው። ሰው የሌለበት ሳሎን ውስጥ «ክፍሉ ይቀዝቅዝ» ብሎ አብርቶ መሄድ በከንቱ ማቃጠል ነው።

ፍሪጁን ማስጨነቅ

አብዛኛው ጭማሪ እዚህ ነው ያለው፤ ለጥገና ከምገባባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የማየውም ይህንኑ ነው።

ፍሪጅ ከውስጡ ያለውን ሙቀት እየሳበ ወደ ውጭ የሚጥል ዕቃ ነው። የሚጥለው በጀርባው ባለው ጥቁር ሽቦ ነው፤ በአዳዲሶቹ ደግሞ በሁለቱ ጎኖቹ በኩል ነው። የአዲስ ፍሪጅ ጎን ሲነካ የሚሞቀው ለዚህ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። የማድ ቤቱ አየር ራሱ ሲሞቅ ሙቀቱን የሚጥልበት ያጣል፣ ሞተሩም ሳያርፍ ይሠራል። የክፍሉ ሙቀት ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ የፍሪጁ ፍጆታ በግማሽ ያህል ሊጨምር ይችላል። በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስድ የነበረ ፍሪጅ ማንም ምንም ሳይነካው 60 ይገባል።

አሁን አንድ ማድ ቤት በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ፍሪጁ ጥግ ውስጥ ገብቶ ጀርባው ግድግዳውን ነክቷል። ከላዩ የወረደው ዳንቴል ሁለቱን ጎኖች እስከ ግማሽ ሸፍኗል። ዳንቴሉ ላይ ስታብላይዘሩ፣ ስታብላይዘሩ ላይ ደግሞ የመድኃኒት ካርቶን ተቀምጧል። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አለ። ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ መስኮት የምትገባው ፀሐይ በሩ ላይ ታርፋለች። ይህ ፍሪጅ ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ የለውም። ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው አርቁት፤ ዳንቴሉን ከጎኖቹ ላይ አንሱለት፤ ስታብላይዘሩን ወደ ግድግዳ መደርደሪያ አዛውሩት። ከምጣዱ ማራቅ ካልተቻለ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት መስኮትና በር ከፍቶ ማሳለፍ ይረዳል። የጀርባው ሽቦ ላይ የተጋገረውን አቧራና የወጥ ጭስ ከሶኬት ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው ግን እሱ ነው።

የበሩን ጎማ ለመፈተሽ የ10 ብር ኖት በበሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉ። ስትስቡት ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል፤ ቀዝቃዛው አየር ቀንና ሌሊት እየወጣ ነው። ዙሪያውን በተለያየ ቦታ ሞክሩት። አንዳንዴ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ይመለሳል፤ ካልሆነ መቀየር አለበት።

ሙቀት ሲበረታ የውስጡን መቆጣጠሪያ መጨረሻው ቁጥር ላይ ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው። መጨረሻው ቁጥር ፍሪጁን ቶሎ እንዲያቀዘቅዝ አያደርገውም፤ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ያደርገዋል። ለምግብ 4 ዲግሪ ይበቃል፤ በአብዛኛው ፍሪጅ መሃከለኛው ቁጥር እዚያ ያደርሳል። በቅርብ ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ከዚሁ ሙቀት ጋር ገጥመዋል። ሥጋና ወተት የሌለበት የጾመኛ ቤት ፍሪጅ በፋሲካ ቁጥሩ ላይ ሁለት ወር ሲሠራ ማየት ያሳዝናል። ረመዳን በሚጾምበት ቤትም ማፍጠሪያው ሲቃረብ ለውሃ፣ ለጁስ፣ ለቴምር፣ ለሾርባ ማስቀመጫ እየተባለ በሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ይከፈታል። የሚጠጣውን ሁሉ ጠዋት በአንድ ጊዜ አስገብቶ፣ ማፍጠሪያው ሲደርስ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ማዕድ ላይ ማድረግ ይሻላል። ለተራ የመጠጥ ውሃ ደግሞ እንስራ አለልን፤ ሸክላው ውሃውን ወደ ውጭ እያላበ ያቀዘቅዘዋል፣ የበጋው አየር ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት።

ትኩስ ወጥ ከነድስቱ ማስገባት ሞተሩን ያደክማል። ውጭ ማሳደርም በዚህ ሙቀት ምግቡን ያበላሻል። ወደ ትናንሽ ዕቃ አከፋፍሎ፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ሲል ማስገባት ነው፤ ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ አይቆይ።

ሌሊት ፍሪጅ ማጥፋትን በተመለከተ፦ ሌሊት የተረፈው አብዛኛው ጠዋት መልሶ ለማቀዝቀዝ ይከፈላል። ወተትና ሥጋ ያለበት ቤት ደግሞ ለሆድ ሕመም ይጋለጣል። አታጥፉት።

በሙቀት ቀን በኤሌክትሪክ ሻወር መታጠብ

ከፍሪጁ ቀጥሎ የማስቀምጠው ይህን ነው፤ ሻወር ማሞቂያ ያለው ቤት ግን አንደኛ ሊያደርገው ይችላል። ውሃውን ሲያልፍ የሚያሞቀው የሻወር ራስ 5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰው 10 ደቂቃ ሲታጠብ 0.83 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 5 ሰው በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢታጠብ በወር 125 ይደርሳል። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ሰው ጠዋትም ማታም ይታጠባል፤ ማሞቂያውም ክረምት ላይ በተተወበት ቁጥር እንደበራ ነው።

በእነዚህ ወራት ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ያለው ውሃ ለብ ያለ ነው። የቤተሰቡን መታጠቢያ ወደዚያ ሰዓት ማምጣትና ማሞቂያውን በብሬከሩ ማጥፋት ብቻ ቢሉን ከአንድ እርከን ወደ ታች ሊያወርድ ይችላል። ጠዋት ለሕፃንና ለአዛውንት አብሩት። ታንከር ያለው ቦይለር ከሆነ ደግሞ 24 ሰዓት አብርቶ መተው አይገባም፤ ከመታጠቢያው በፊት አብርቶ፣ ሲጨርሱ ማጥፋት ነው።

እንጀራን ጥቂት ጥቂት መጋገር

በሙቀት እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፣ ሊጡም ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጋገር የነበረው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሆናል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ከመነሳቱ በፊት ለማሟሟቅ ብቻ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ሲጨርሱም ምጣዱ የያዘው ሙቀት ማድ ቤቱን አሙቆ ይቀራል፤ ያ ሙቀት ዞሮ ፍሪጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ግለት በተራ ቢጋግር ጥሩ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን አጥፍቶ በያዘው ግለት መጨረስ ይቻላል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ማታ ሰው ሁሉ ሲያበራ መስመሩ ይደክማል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ አሟሟቁ ይረዝማል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ እስኪበስል የሚባክነው ሙቀት ይበዛል። ረፋድ ላይ መጋገር የተሻለ ነው።

በአንድ ቆጣሪ መከራየት

ጅማ ብዙ ተማሪና ሠራተኛ የሚከራይባት ከተማ ናት፤ በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ማየት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ቤት 60 ቢጠቀም ለብቻው ከ50 እስከ 100 ባለው እርከን ውስጥ ነበር። አራቱ ሲደመሩ ግን 240 ናቸው፤ ቆጣሪው የሚያውቀው ደግሞ ድምሩን ነው። ሁሉም ቤት እየቆጠበ ሁሉም በውድ እርከን ይከፍላል። ሙቀት ሲመጣ አንዱ ተከራይ ፍሪጅ ያስገባል፣ ሌላው ሻወር ያስገጥማል፣ ክፍያው ግን በሰው ብዛት ወይም በአምፖል ብዛት ይካፈላል፤ ጠቡ ከዚያ ይነሳል። አከራዮች ለየቤቱ ቆጣሪ ቢያመለክቱ ለሁሉም ይበጃል። እስኪመጣ ድረስ ባለሙያ አስገብቶ በየበሩ መለኪያ ማስገጠም ሒሳቡን ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ እርከኑን ግን አይቀንሰውም።

እዚህ ላይ ስለ ግድቡ ልጨምር። «ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ሆኖ እንዴት መብራት ይወደድብናል?» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ያ ጣቢያ ኃይሉን የሚሰጠው ለብሔራዊ መስመሩ ነው፤ ታሪፉም በመላ ሀገሪቱ አንድ ነው። ቅርበቱ ቢሉ ላይ ለውጥ የለውም።

ቀን ከፍቶ ማታ መዝጋት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ይህን ነፃ ቅዝቃዜ ብዙ ሰው ይዘጋበታል። ቀን ፀሐይ በምትገባበት በኩል መጋረጃውን መዝጋት፣ ማታ ግን ወባ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት አድርጎ ወይም አጎበር ውስጥ ተኝቶ መክፈት ነው። ቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ማስመታት ወጪ ቢኖረውም፣ ቤት ለማሠራት የምታስቡ ከቀለሙ በፊት እሱን አስቡ።

ሁሉ ጠፍቶም ቆጣሪው ሊቆጥር እንደሚችል አለማወቅ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቁጥሩ ካልወረደ አንድ ፈተና አለ። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ፤ አምፖል አጥፉ፤ ብሬከሩን ግን አትንኩ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት 5 ደቂቃ ተመልከቱ። ሁሉም ተነቅሎ ብልጭታዋ ካላቆመች ወይ አንድ የረሳችሁት ዕቃ አለ፣ ወይ ሽቦ ላልቶ ወደ ግድግዳ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ከእናንተ መስመር ሌላ ቤት ተቀጥሏል። በጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የረሳነው ዕቃ የውሃ ዳይናሞ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ቧንቧ እየሳበ ሲያጉረመርም ያድራል፣ ሞተሩም ይቃጠላል።

ዋናውን ብሬከር ስታወርዱ ብልጭታው ከቆመ ችግሩ ከብሬከሩ ወዲህ፣ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ የትኛው መስመር እንደሆነ ለዩና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ንገሩት። ዋናው ወርዶም ብልጭ ማለቱን ከቀጠለ ችግሩ ያለው በቆጣሪውና በብሬከሩ መካከል ወይም በራሱ በቆጣሪው ላይ ነው። ያንን በራሳችሁ አትክፈቱ፤ ማኅተሙን መስበር ያስቀጣል፣ ሽቦውም ሕይወት ያጠፋል። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና 905 ደውሉ።